ልጆቻችሁን ሙዚቃ ልታስተምሩ ላሰባችሁ የደብረ ብርሃን ወላጆች፦ የቅዳሜው ክፍል እንዴት ነው?

ሳላንዛዛ ልናገር። ልጃችሁ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ዓመት ከሆነ ላኩት። ከዚያ በላይ ሆኖ «ክራር መማር እፈልጋለሁ» የሚል ከሆነ ግን መጀመሪያ ይሄን እስከ ታች አንብቡ። የእኔ ሁለቱ፣ የሰባት ዓመቷ ትንሿና የአሥር ዓመቱ ታላቅ ወንድሟ፣ ከመስከረም ጀምሮ እዚያ ናቸው። ለእሷ እጅግ ሆኖላታል። ለእሱ ግማሽ በግማሽ ነው።

የማወራው ጠባሴ በኩል ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት ስለሚሰጠው የልጆች የሙዚቃ ክፍል ነው። አንድ አዳራሽ፣ አንድ ወጣት መምህር፣ ዩኒቨርሲቲ የምትማር አንዲት ረዳት። ልጆቹ ሁለቱንም «ቲቸር» ነው የሚሏቸው። ክፍያው ልጆቻችን ከሚማሩት የሒሳብና የእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ አይበልጥም፣ እንዲያውም ትንሽ ያንሳል።

ወላጅ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ኪቦርድ ያስተምራሉ?» ብሎ ነው። አያስተምሩም። ሌላ መሣሪያም ቢሆን የሚያሲዙት ቆይተው ነው። የመጀመሪያው ጊዜ መዝፈን፣ ማጨብጨብ፣ መራመድና መጫወት ብቻ ነው። ይሄ ብዙ ሰው ያበሳጫል። አንዲት እናት በር ላይ መምህሩን ይዘው «ልጄን ከፍዬ የላክሁት እንዲያጨበጭብ ነው እንዴ? ማጨብጨብማ ሰፈሩም ያጨበጭባል» ሲሉት ሰምቻለሁ። «እትዬ፣ እስከ ጥር ይታገሡኝ፤ ከዚያ በኋላ እርስዎ ራስዎ ይፈርዳሉ» አላቸው። እኔ ከጥር በፊት ፈርጃለሁ፦ የክፍሉ ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

ምክንያቱም ጆሮ ያላወቀውን ዜማ ጣት አያገኘውም። ቀጥታ ኪቦርድ ላይ የተቀመጠ ልጅ የሚማረው ቁልፍ መጫን ነው። «ይቺን» ሲሉት ይቺን ይጫናል፣ ሌላዋን ቢጫንም ብዙ ጊዜ አይታወቀውም። በገዛ ጉሮሮው አዘውትሮ የዘፈነውን ዜማ ግን ሲስት ወዲያው ይሰማዋል፣ ፊቱ ላይ ይታያል፣ ማንም ሳይነግረው ይመለሳል። መሣሪያ ሲይዝ ታዲያ የሚፈልገውን ያውቃል።

ይሄ መምህሩ ከራሱ ያመጣው አይደለም። ሀንጋሪያዊው ዞልታን ኮዳይ፣ ከ1882 እስከ 1967 እ.ኤ.አ. የኖረ የሙዚቃ ሰው፣ ልጅ ሙዚቃን መጀመር ያለበት በራሱ ድምፅ፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋውና በአገሩ የሕዝብ ዘፈን ነው ብሎ ዕድሜውን ሙሉ ደክሟል። የሕዝብ ዘፈን ቅርስን በእሱ መንገድ የመጠበቅ ሥራ በ2016 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ በመልካም ተሞክሮነት ተመዝግቧል። ጀርመናዊው ካርል ኦርፍ ደግሞ ንግግርን፣ እንቅስቃሴንና በቀላሉ የሚመቱ መሣሪያዎችን አንድ ላይ አድርጎ ልጆችን ማስተማር የሚቻልበትን መንገድ አሳየ። የኛው መምህር ከሁለቱም ወስዷል። ደስ የሚለው ግን እንዳለ አለመገልበጡ ነው። መንገዱን ወስዶ ዘፈኑን ከዚሁ ከሸዋ አመጣ፤ ኮዳይም ቢሆን ያለው ይሄንኑ አይደል?

ምት እንዴት እንደሚያስተምር ልንገራችሁ። በአገር ስም ነው። ልጆቹን ክብ አሠርቶ ያቆማቸውና በእግራቸው እኩል እየረገጡ በእያንዳንዷ እርግጫ «መንዝ» ያስብላቸዋል። መንዝ፣ መንዝ፣ መንዝ፣ መንዝ። እግር አይቸኩልም፣ አይዘገይም። ያ ሲጸና በዚያው እርግጫ ላይ «ሸዋ» ይላሉ፤ በአንድ እርግጫ ሁለት ድምፅ ገባ። ቀጥሎ «አንኮበር»፣ አን፣ ኮ፣ በር፣ ሦስት። ቀጥሎ «ደብረ ሲና»፣ ደብ፣ ረ፣ ሲ፣ ና፣ አራት። እግሩ ያው ነው፣ የሚፈጥነው አፉ ነው። እዚህ ጋ ልጆቹ መጀመሪያ ሁሌም የሚሳሳቱት አንድ ነገር አለ፦ አፋቸው ሲፈጥን እግራቸውም አብሮ ይፈጥናል። ረዳቷ ያኔ ከኋላ ቀስ ብላ ከበሮውን መምታት ትጀምራለች፣ ምንም ሳትናገር፣ እግራቸው ወደ ከበሮው እስኪመለስ ድረስ። አይቆጧቸውም፣ አያቋርጧቸውም።

ጨዋታ ይመስላል እንጂ ትልቅ ትምህርት ነው። ከሥር የማይለወጠው ምት አንድ ነገር ነው፣ በላዩ የሚሄደው የቃሉና የዜማው አካሄድ ሌላ ነገር ነው። ይሄን ልዩነት ሳይለዩ ያደጉ፣ ሰርግ ላይ ጭብጨባ የሚያምታቱ ትልልቅ ሰዎች እናውቃለን። የእኔ ትንሿ በሰባት ዓመቷ ለይታዋለች።

ከዚያ ክፍሉን ለሁለት ይከፍለዋል። ግማሹ በእግሩ መንዝ፣ መንዝ እያለ ይረግጣል፣ ግማሹ በጭብጨባ አንኮበር፣ አንኮበር ይላል። የሚወጣው ምን መሰላችሁ? ችክችካ! ኖታ ላይ 6/8 ተብሎ የሚጻፈው፣ ሁላችንም ትከሻችንን የምንሰብቅበት ምት። ልጆቹ ስለ 6/8 አንድም ነገር ሳይነገራቸው በእጅና በእግራቸው ሠሩት። መጀመሪያ ሲገጥምላቸው አዳራሹ ውስጥ የተነሣውን ጩኸት ብትሰሙ። አንዱ ትንሽ ልጅ ማጨብጨቡን ትቶ እስክስታ ወረደ፣ መምህሩም አላስቆመውም።

ቡሄም ትልቅ ሥራ ይሠራል። ክፍሉ የሚጀምረው መስከረም ላይ ስለሆነ የነሐሴ 13ቱ ጭፈራ ገና ከልጆቹ አፍ አልጠፋም። ልብ ብላችሁ ካያችሁት የቡሄ ጭፈራ ራሱ ሙሉ የሙዚቃ ትምህርት ነው፦ መሬት የሚመታው ዱላ ምቱን ይይዛል፣ አውራጁ ግጥሙን እየቀያየረ ይሄዳል፣ ተቀባዩ ሳይለውጥ ይመልሳል። ተቀባይ ሆኖ በሰዓቱ ለመግባት አውራጁን መስማት የግድ ነው። አውራጅ ለመሆን ደግሞ ትንፋሽን መጥኖ፣ ስንኙ የት እንደሚያልቅ ቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። መምህሩ ሁሉንም ልጅ በተራ አውራጅ ያደርጋል፤ ወንድ ሴት ብሎ አይለይም። እንግዳ ፊት አንገቷን ደፍታ የምትቀመጠው ልጄ ተራዋ ደርሶ ስታወርድ ከኋላ ሆኜ ሰማኋት። ድምፅዋ መጀመሪያ አልተሰማም። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ተሰማ። ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ አውራጅ እሷ ናት፣ እኛ ተቀባይ ነን፣ እራት ሳይቀር በዚያ ነው የሚጠራው።

ወፍራምና ቀጭን ድምፅን የሚለዩት በከበሮ ነው። የከበሮ ሁለት ፊት እኩል አይደለም፤ ሰፊው ወፍራም ድምፅ ይሰጣል፣ ጠባቡ ቀጭን። ልጆቹ ጀርባቸውን ይሰጣሉ፣ ረዳቷ ትመታለች፣ ወፍራም ሲሰሙ ቁጢጥ ይላሉ፣ ቀጭን ሲሰሙ እጃቸውን ወደ ላይ ያነሣሉ። ቀላል ነው፣ ግን ጆሮን ብቻ ነው የሚያሠራው፤ ዓይን ምንም አይረዳም። ቀጥሎ በድምፅ ያደርጉታል፣ ከዚያም በእጅ ምልክት (ድምፆቹ ከወፍራም ወደ ቀጭን ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ ይባላሉ)፦ ዶ ጭብጥ፣ ሚ የተዘረጋ መዳፍ፣ ሶል ወደ ደረት የዞረ መዳፍ። እነዚህን ምልክቶች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያስፋፋው እንግሊዛዊው ጆን ከርወን ነበር፤ ኋላ ኮዳይና ተከታዮቹ ወሰዷቸው። የሚጀምሩት ከሶል ወደ ሚ በመውረድ ነው፣ ለልጅ ጉሮሮ ከሁሉም የሚቀልለው እሱ ስለሆነ። ከዚያ ላ ይመጣል፣ ዶና ሬ ይከተላሉ። ፋና ሲ ብዙ ቆይተው ነው የሚመጡት።

አንድ በጣም የወደድኩለት ነገር፦ መምህሩ ወንድ ነው፣ ድምፁ ወፍራም ነው፣ ስለዚህ ዜማውን ብዙ ጊዜ ራሱ አያነሣም። ትንንሽ ልጆች የወፍራም ድምፅን ዜማ ለመከተል ሲሉ ድምፃቸውን ወደ ታች ይጎትቱና ማጉረምረም ይጀምራሉ። የልጅ ድምፅ በተፈጥሮው ቀጭን ነው፤ እዚያው ቀጭኑ ጋ ነው የሚያምረው። ስለዚህ ረዳቷ ታነሣለች ወይም መምህሩ በሪኮርደር፣ በትንሿ የፕላስቲክ ነፊ፣ መነሻዋን ድምፅ ይሰጣቸዋል። «ጩኹ» የሚል ቃል እዚያ ክፍል ውስጥ ሰምቼ አላውቅም። ብዙ ትምህርት ቤት በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ ልጆች ጉሮሯቸው እስኪደርቅ ይጮኻሉ፣ ያ መዝፈን አይደለም።

አሁን ወደምወደው ልምጣ፣ ወደ ዚሎፎኗ። ልጆቹ የሚይዙት የመጀመሪያ የዜማ መሣሪያ እሷ ናት። ትንሽ፣ ባለ ብረት ምላስ (ዚሎፎን በትክክሉ ባለ እንጨት ነው፣ እኛ ግን ይቺንም እንዲሁ ነው የምንላት)፣ በሁለት ትንንሽ መዶሻ የምትመታ። ምላሶቿ ተነቃይ ናቸው፣ ቁም ነገሩም ያለው እዚህ ነው። መምህሩ ለልጆቹ ከመስጠቱ በፊት ፋንና ሲን ነቅሎ ኪሱ ይከታቸዋል። የሚቀሩት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ናቸው። አምስት ድምፅ። ይሄ ደግሞ ሜጀሩ ትዝታ ነው፣ ከአገራችን አራት የዜማ ቅኝቶች አንዱ! ልጁ ያገኘውን ቢመታ ጆሮ የሚጎረብጥ ነገር አይወጣም። በዚያ ላይ የሚወጣው ነገር የአገሩ ነው፣ በእናቱ ጀርባ ሆኖ ሲሰማው የኖረ ነው። ስለዚህ ሳይፈራ ይመታል፤ ትንሽ ቆይቶ መምታቱ ዜማ መፈለግ ይሆናል።

አንድ ቅዳሜ እዚያው ተቀምጬ ነበር። መምህሩ ልጆቹ በትዝታው ሲጫወቱ ቆይተው «ዓይን ጨፍኑ» አላቸው። ሬንና ላን ነቀለ፣ ፋንና ሲን ከኪሱ አውጥቶ መለሳቸው። ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ሆነ። ባቲ። አንድ ጊዜ ከታች ወደ ላይ መታውና ዝም አለ። ከመሐል አንዷ «ቲቸር፣ ይሄኛው ተቆጥቷል!» አለች። ሌላው «አልተቆጣም፣ ሊሄድ ነው» አለ። ስለ ቅኝት ብዙ ነገር አንብቤአለሁ፣ እንደዚህች ልጅ የተናገረ ግን የለም። መምህሩ ስሙን የነገራቸው ከዚያ በኋላ ነው፤ መጀመሪያ ሰሙ፣ ተከራከሩ፣ ከዚያ «ባቲ ይባላል» አለ፣ አለቀ። ለሰባት ዓመት ልጅ ስለ አራቱ ቅኝቶች ንግግር አያደርግም።

ለትልልቆቹ ትንሽ ይጨምርላቸዋል። ሬንና ሶልን ነቅሎ ከሚ ቢነሡ፣ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ አምባሰል ይወጣል። እነዚያኑ ምላሶች ሳይነካ ከላ ቢነሡና ላ ላይ ቢያርፉ ደግሞ ማይነሩ ትዝታ ይሆናል። ምላሶቹ ያው ናቸው፣ ዜማው የሚነሣበትና የሚያርፍበት ቤቱ ነው የተለወጠው። የአሥር ዓመቱ ልጄ ይሄን ቤት መጥቶ ሲያስረዳኝ እጁ እየተንቀጠቀጠ ነበር፣ ከደስታ። አንቺ ሆዬ ብቻ በእሷ አይወጣም፣ ፒያኖ ላይ ቢሆን ጥቁር ቁልፍ የሚፈልግ ድምፅ ስላለው። እሱን መምህሩ በክራር ያሰማቸዋል። ክራር በጆሮ ስለሚቃኝ ከብረቱ ምላስ ጋር ልክ አይገጥምም፣ ትንሽ ከፍ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ልጆቹም ይሄን ይሰሙታል። መምህሩም አንዱ ልክ ሌላው ስሕተት ነው አይላቸውም፤ በዚህ በጣም አከብረዋለሁ።

ችግሩ ዚሎፎኖቹ አይበቁም። ልጆቹ በዝተዋል፣ መሣሪያው አልበዛም። አንዷን ለሦስት ይካፈሏታል። መዶሻ ያልደረሰው ልጅ ምት ይይዛል ወይም ይዘፍናል፣ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ እሱ መልካም ነው። ግን መስከረም ላይ ከነበረው ቁጥር በላይ መቀበላቸው ልክ አልነበረም። ወይ ልጅ ይቀንሱ ወይ መሣሪያ ይጨምሩ። ነግሬያቸዋለሁ፣ እዚህም እደግመዋለሁ።

ቀጥሎ ሪኮርደር ይመጣል፣ ያቺ የፕላስቲክ ነፊ። ይቺን ራሳችሁ ትገዛላችሁ። ከአፍ ወደ አፍ የሚዞር ነገር ስላልሆነ እሱ ልክ ነው። ስትገዙ ባሮክ የሚባለውን የጣት አጣጣል ያላትን ጠይቁ። ከፊት ሰባት ቀዳዳ፣ ከኋላ አንድ አላት፣ መጀመሪያ የሚማሩት ግን በግራ እጅ ብቻ የሚወጡትን ሲ፣ ላና ሶልን ነው። በሦስት ድምፅ ብቻ የሚዘፈኑ አጫጭር ዜማዎችን መምህሩ ራሱ ሠርቶላቸዋል፣ መጀመሪያ ይዘፍኗቸዋል፣ ከዚያ ይነፏቸዋል። ጉልበት አይፈልግም፣ እንዲያውም በጉልበት ሲነፋ ያፏጫል። «ሻይ እንደምታበርዱ» ይላቸዋል። ቀዳዳውን በጣት ጫፍ ሳይሆን በሥጋው መድፈን ነው፣ ትንሽ ክፍተት ካለ ይጮኻል።

ለምን በዋሽንት አይጀምሩም ብላችሁ እንደምትጠይቁ አውቃለሁ፣ እኔም ጠይቄአለሁ። የመንዝ እረኛ በዋሽንት ያደገበት አገር ላይ ሆነን ፕላስቲክ ምን ይሠራል? መልሱ ቀላል ነው፦ ሪኮርደር አፏ ላይ ድምፁን የሚያወጣ ስንጥቅ አላት፣ የነፋ ሁሉ ድምፅ ያገኛል። ዋሽንት ግን ባዶ ሸንበቆ ነው። ከንፈርህ ራሱ አየሩን ጠርዙ ላይ መክፈል አለበት፣ ድምፅ ለማውጣት ብቻ ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃል፣ የትንሽ ልጅ ልብ እስከዚያ ይሰበራል። ጣት መክፈትና መዝጋት፣ ትንፋሽ መቆጠብ በሪኮርደር ከተማረ በኋላ ወደ ዋሽንት ቢሄድ አራቱን ቀዳዳ ቶሎ ይላመዳል። መምህሩ ዋሽንት ራሱ ይነፋላቸዋል፣ አጭሩንና ረጅሙን እያፈራረቀ። ረጅሙ ወፍራም፣ አጭሩ ቀጭን። ከበሮው ላይ የተማሩት እዚህም ይመጣል።

ብርዱን ካላነሣሁ ደብረ ብርሃን ስላለ ነገር ጻፍኩ አልልም። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ተቀምጠን፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጩ ሣሩን ነጭ በሚያደርግበት ጠዋት፣ ሲሚንቶ ወለል ያለው አዳራሽ ውስጥ ልጅ ሙዚቃ መማር ቀላል አይደለም። ጣት ይደነዝዛል። መሣሪያውም ይቀየራል፤ የሚነፋ መሣሪያ ሲቀዘቅዝ ድምፁ ወፈር ይላል፣ ሃያ ልጅ ሃያ ዓይነት ድምፅ ያወጣል። ስለዚህ ልጆቹ ሪኮርደራቸውን ጋቢያቸው ወይም ሹራባቸው ውስጥ፣ ጉያቸው ሥር ሸጉጠው ነው የሚዘፍኑት፣ የመንፋት ተራ እስኪደርስ። ክረምት ላይ ደግሞ የከበሮው ቆዳ እርጥበት ይጠጣና ይላላል፤ ፀሐይ ስትወጣ ደጅ አውጥተው ያሰጡታል። ይሄን ሁሉ ልጆቹ ያውቃሉ። ቆዳ ለምን እንደሚላላ የምትነግረኝ ትንሿ ናት። ግን አዘጋጆቹ ወለሉ ላይ ምንጣፍ ቢያነጥፉ፣ ሰዓቱንም ፀሐይ ሞቅ እስክትል ቢያዘገዩት ይሻላል። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያለበት ከተማ ውስጥ ልጅ በብርድ መንቀጥቀጥ የለበትም።

አሁን ወደ ክራሩ። እዚህ ጋ ነው ቅሬታዬ የሚበረታው።

ልጄ አሥር ዓመቱ ነው፣ የፈለገውም ክራር ነው። ሲመዘገብ «ከትልልቆቹ ጋር ክራር ይጀምራል» ብለውኛል። ያሉት ክራሮች ሁሉ ግን የአዋቂ ናቸው። ደረቱ ላይ ሲያቅፈው ቀንበሩ ከፊቱ በላይ ይሄዳል፣ የግራ እጁ ከኋላ ሆኖ አምስቱንም ስድስቱንም ክር መድረስ አይችልም። ክራር ሲገረፍ ደግሞ ሥራው ያለው በዚያ በግራ እጅ ነው፣ የማይፈለጉትን ክሮች በጣት እየያዙ ማፈን። እጁ ካልደረሰ ሁሉም ክር አንድ ላይ ይጮኻል። ልጁ ጥፋቱ የእሱ መስሎት ቤት መጥቶ አኩርፏል። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። ትንሽ ክራር ማሠራት የሚቸግር ነገር አይደለም፤ ገበታውን አሳንሶ፣ እንጨቱን አሳጥሮ የሚሠራ ባለሙያ አይጠፋም። በዚያ ላይ በየሳምንቱ መቃኘቱ ብቻ የትምህርቱን ሩብ ይበላል። መምህሩ አንዱን ቃኝቶ ሌላውን ሲይዝ የመጀመሪያው ወርዶ ይጠብቀዋል። ልጆቹ ራሳቸው መቃኘት ቢማሩ ያ ራሱ ትምህርት ነበር፤ ጆሯቸው ለዚያ ደርሷል፣ ትዝታን በዚሎፎን ካወቀ ልጅ የክራር ትዝታ መቃኘት አይርቅም። ይሄን ሐሳብ መምህሩ ተቀብሎታል፣ ሲጀመር አየዋለሁ።

ሌላው የወላጆች ቀን ነው። የመንፈቁ መጨረሻ ላይ ዝግጅት ይደረጋል፣ እና ከዚያ በፊት ያሉት ቅዳሜዎች በሙሉ ለአንድ ዘፈን ልምምድ ይሄዳሉ። ጨዋታው ይቆማል። ልጆቹ ተሰልፈው አንድ ነገር ይደጋግማሉ፣ ትልቅ ስፒከር ይመጣል፣ የተቀዳ ሙዚቃ ይከፈታል፣ የልጆቹ ድምፅ ከሥሩ ይጠፋል። ያቺ ስታወርድ የሰማኋት ልጄ ያን ቀን አፏ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው ያየሁት። ወላጅ ስልኩን አንሥቶ ይቀርጻል፣ ደስ ይለዋል፣ አዘጋጆቹም የሚያደርጉት ለወላጅ ብለው ነው፤ ይገባኛል። ግን ወላጆች፣ ይሄን እኛ ነን መተው ያለብን። አንድ ተራ ቅዳሜ በሩን ይክፈቱልን፣ መንዝና አንኮበርን ሲረግጡ እንይ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቅኝት ሲለዩ እንይ። ከዚያ የበለጠ ምን ዝግጅት አለ?

ኖታን በተመለከተ አጭር ነው። ኖታ ያስተምራሉ፣ ቀስ ብለው፣ መጀመሪያ በአንድ መስመር ላይ ወፍራምና ቀጭን፣ ከዚያ በሁለት መስመር፣ አምስቱ መስመር ገና ነው። የዘፈኑትን ነው የሚጽፉት፣ ያልሰሙትን አያነቡም። ይሄ ትክክል ነው።

አንዳንድ ቤተሰብ በሃይማኖት ምክንያት ይሠጋል። አንድ አባት «መዝሙር ነው ወይስ ዘፈን?» ብለው ሲጠይቁ ነበርኩ። ክፍሉ ውስጥ የክርስቲያንም የእስላምም ልጆች አሉ፣ ስለዚህ የቤተ ክርስቲያንም የመንዙማም ዜማ አያስተምሩም። ልጆቹ የሚዘፍኑት ስለ ዝናብ፣ ስለ በግ፣ ስለ ገበያ፣ ስለ ቁጥር ነው። ቡሄውን የማይፈልግ ወላጅ ካለ ቀድሞ ቢናገር ለልጁ ሌላ የቅብብሎሽ ጨዋታ ይሰጡታል። «አዝማሪ ልታደርጊያት ነው ወይ» ላሉኝ ዘመዶች ደግሞ መልሴ ቀላል ነው፦ ብትሆን ምን አለበት? ማሲንቆ ይዞ በአንድ ክር አገር የሚያስለቅስ ሰው ልናከብረው ነው የሚገባን።

ከደብረ ብርሃን ውጭ ላላችሁ፣ መሐል ሜዳም ሸዋ ሮቢትም አረርቲም፣ ይሄን ሁሉ ለማድረግ ትልቅ ገንዘብ አያስፈልግም። በየትምህርት ቤቱ የክወናና እይታ ጥበባት ክፍለ ጊዜ አለ። ልጆቼ ትምህርት ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ ደብተር ላይ በመገልበጥ ነው የሚያልፈው፣ መሣሪያ የለም እየተባለ። ለአገር ስም ጨዋታው ምን መሣሪያ ያስፈልጋል? እግር አለ፣ አፍ አለ፣ መዳፍ አለ። ባዶ ጀሪካን በሥሩ ቢመታ ወፍራም፣ በጎኑ ቢመታ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። የናንተን ወረዳ ቀበሌዎች ስም ቁጠሩና አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት የሚሆነውን ምረጡ፤ ልጆቹ የሚያውቁት ስም ሲሆን ይበልጥ ይይዛቸዋል። መምህራን ከሆናችሁ እባካችሁ ሞክሩት።

ወደ ውሳኔው። ትንሿን በሚቀጥለውም መንፈቅ አስመዘግባታለሁ፣ አላመነታም። ልጁን ትንንሽ ክራሮች መግባታቸውን ካየሁ በኋላ። እስከዚያ ዚሎፎኗንና ሪኮርደሯን ይዞ ከእህቱ ጋር ይቀጥላል፣ ከወደደ።

ምዝገባው የካቲት መጀመሪያ ላይ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ በአንድ ክፍል ስንት ልጅ እንደሚቀበሉ፣ ዚሎፎኖቹ ስንት እንደሆኑ፣ የልጅ ክራር መግባት አለመግባቱን። ልጆቹን ወፍራም ሹራብ አልብሷቸው፣ ቁርስ አብልታችሁ ላኳቸው። አንድ ቅዳሜ ሳትከፍሉ ተቀምጣችሁ ማየት ትችላላችሁ፣ መምህሩ ይፈቅዳል፤ ስልካችሁን ብቻ ዝም አሰኙት።